ባዶው አልጋ፦ አጭር የሥነ ልቦና አስፈሪ ፊልም በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ

የሥነ ልቦና አስፈሪ ፊልም ገንዘብ ለሌለው ተማሪ የሚመች ዘርፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ጭራቅ አይፈልግም፣ ደም አይፈልግም፣ ብዙ ተዋናይም አይፈልግም። የሚፈልገው ጥርጣሬ ነው፤ ተመልካቹ «ይህ በእውነት እየሆነ ነው ወይስ በልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳያገኝ እንዲቀመጥ ማድረግ። ጥርጣሬ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። ጎንደር ውስጥ ማራኪ ወይም አዘዞ ሰፈር ያለች ሦስት በአራት ሜትር የኪራይ ክፍል፣ አንድ ተዋናይ፣ አንድ ደህና ስልክና አንድ ማይክ ይበቃሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጥርጣሬ ከስክሪፕቱ እስከ አዳራሹ ድረስ ሳይፈስ ለማድረስ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ውሰዱ። ሁለት ተማሪዎች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንዷ ለለቅሶ አገር ቤት ሄዳለች። የቀረችው የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ጥቂት ቀን ስለቀራት ሌሊቱን በቡና ትገፋዋለች። በሦስተኛው ሌሊት ከባዶው አልጋ የሰው ትንፋሽ ትሰማለች። ከዚህ በላይ ታሪክ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ስክሪፕት አንድ ደቂቃ ይሆናል የሚባለው ልማድ እዚህ አይሠራም፤ ዝምታው ጊዜ ስለሚወስድ አራት ገጽ ስድስት ደቂቃ ይደርሳል። ከሰባት ደቂቃ እንዳያልፍ ጠብቁት።

ስክሪፕቱን ከመጻፋችሁ በፊት ደብተር ከፍታችሁ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ተራውን ምክንያት፣ በቀኝ ክፉውን አስፍሩ። ትንፋሹ ከየት መጣ? በግራ፦ የጎን ክፍሉን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ጎረቤት ሲተኛ ይሰማል። በቀኝ፦ አልጋው ላይ ሰው አለ። ረከቦቱ ላይ ሁለት የነበረው ሲኒ ለምን ሦስት ሆነ? በግራ፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሳያስበው ያወጣል። በቀኝ፦ እንግዳ መጥቷል። በአንዱ ዓምድ ብቻ የሚጻፍ ክስተት ምንም ያህል ቢያምር ይሰረዝ። በሩ በራሱ ተበርግዶ ሰሃን ከተወረወረ የግራው ዓምድ ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት የመንፈስ ፊልም ነው። «ለካ ሕልም ነበር» ብላችሁ ከጨረሳችሁት ደግሞ የቀኙን ገደላችሁት። ተዋናይቷን ግን በሁለቱ ዓምዶች አታስጨንቋት። ለእሷ ትንፋሹ እውነት ነው፤ ትሰማዋለች፣ በቃ።

የዚህ ታሪክ ከባዱ ትዕይንት ዱካክ ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻችንን አስሮ ይይዛል፤ አንዳንዴ ሰውነት ሳይፈታ አእምሮ ይነቃል። ያኔ ሰው ክፍሉን ያያል፣ መንቀሳቀስና መጮኽ ግን አይችልም፤ ደረቱ ላይ ክብደት፣ አጠገቡ ሰው ያለ ይመስለዋል። ከሰኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ በጀርባ ሲተኙና እንቅልፍ ሲያጡ ይብሳል። የሕክምና ተማሪው ይህን ይላችኋል፤ አያታችሁ ሌላ ይሏችኋል። ሁለቱም ዓምዶች ተመልካቹ ቤት አስቀድመው ስላሉ እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ሲቀረጽ ካሜራው በትራስ ከፍታ ይሁን፤ ትራይፖድ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ መጻሕፍት ደራርባችሁ ስልኩን በላዩ አቁሙት፣ ከፊቷ 60 ሳንቲሜትር ያህል ራቁ። በጀርባዋ ትተኛ። የሚንቀሳቀሰው ዓይኗና ደረቷ ብቻ ነው። 40 ሰኮንድ ሳትቆርጡ ያዙት። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ወደምታየው ዙሩ፦ ጣሪያው፣ ከሥሩ ደግሞ የሌላኛው አልጋ ጠርዝ። አልጋውን ሙሉውን አታሳዩ። የብርድ ልብሱ ጫፍ እንዲሳብ ከፈለጋችሁ ጥቁር የስፌት ክር ድርብ አድርጋችሁ ከሥሩ ስፉትና ከፍሬም ውጭ ወለል ላይ የተኛ ሰው በአሥር ሰኮንድ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ይሳበው። ነጠላ ክር ይበጠሳል፤ ፈጥኖ ከተሳበ ደግሞ ክር መሆኑ ይታወቃል። ግማሹ ተመልካች አያየውም። ያየው ለጎኑ ሰው ይነግረዋል፤ ያ ክርክር ለፊልሙ ትልቅ ሀብት ነው።

ጎንደር ላይ የሚሠራ ሰው ከሌላው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ይህን ሥርዓት በቃል ባይናገረውም በዓይኑ ያውቀዋል። ተጠቀሙበት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ልጅቷን ሁልጊዜ ከፊት ቅረጿት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ይታዩ። ከሦስተኛው ሲኒ በኋላ ካሜራው ወደ ጎን ይዙር፤ አንዱ ዓይን ብቻ፣ ግማሹ ፊት ጨለማ ውስጥ። ማንም ልብ ላይለው ይችላል፣ ግን «ይህች ልጅ ያቺ ናት?» የሚል ስሜት ይገባል። በንግግር አታስረዱት፤ በፖስተሩም ላይ አታውጡት።

ሥዕሉን መዋስ ሌላ፣ ቦታውን መቅረጽ ሌላ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ተመልካቹ ታሪክና ቱሪዝም ማሰብ ይጀምራል፤ ልጅቷን ይረሳታል። ከውጭ አንድ ሾት ብቻ ይበቃል፦ ልጅቷ ፌስታል ይዛ ወደ ግቢዋ ስትገባ፣ ከኋላዋ የከተማው መብራት። ይህም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ በሚቆይባቸው 20 ደቂቃዎች ገደማ ይቀረጽ። እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ስለምትጠልቅ 11 ሰዓት ላይ ቦታው ደርሳችሁ ልምምዱን ጨርሱ። ጠበል ቦታ ሄዳችሁ ሕመምተኞችን አትቅረጹ። እንቅልፍ ያጣን ወይም የታመመን አእምሮ እንደ ክፉ መንፈስ መሣልም የፊልሙን ጥርጣሬ ያጠፋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

የቀረውን ሌሊት በቀን ቅረጹት። በሌሊት መንቀሳቀስ የማይቻልበት ወቅት አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይደክማል፣ ሴት ተዋናይን ማታ ወደ ቤቷ ማድረስም ኃላፊነት ነው። ጥቁር ላስቲክ መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል በሚስማርና በጣውላ ምቱት፤ ከውስጥ በፕላስተር የተለጠፈ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ በንፋስም ይንኮሻኮሻል፣ ያ ድምፅ ማይክ ውስጥ ይገባል። የበሩን ሥር በጋቢ ድፈኑት። ከዚያ መብራቱን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ፤ ዓይናችሁ ሲለምድ የሚታየው እያንዳንዱ የብርሃን ቀዳዳ ይደፈን። የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች ቀትር ላይ እንደ ክር ያለ ብርሃን ስለሚጥሉ ኮርኒስ ያለው ክፍል ምረጡ።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል አጥብቄ እናገራለሁ። ታሪኩ ቡና ስላለበት ከሰል የማቀጣጠል ፈተና አለ፤ መስኮቱና በሩ በላስቲክና በጋቢ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሲሰማችሁ እግራችሁ አልታዘዝ ሊል ይችላል። ማንደጃው ውስጥ የጠፋ ከሰል አድርጋችሁ አመድ ነስንሱበት፣ ከሥሩ በቀይ ፌስታል የተሸፈነ ትንሽ የባትሪ መብራት ቅበሩ። ጀበናውን ውጭ አፍልታችሁ አስገቡት፤ እንፋሎቱ ለአንድ ሾት በቂ ነው። ሻማ ካለ ደግሞ ከመጋረጃ ራቅ ይበል፤ አንድ ባልዲ ውኃ በሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ስለ መብራት የተለመደው ስሕተት ሁሉን ነገር ማጨለም ነው። ጨለማ የሚታየው አጠገቡ ብርሃን ሲኖር ነው። የጣሪያውን አምፖል ንቀሉት። አንድ ቢጫ ኤል ኢ ዲ አምፖል ጠረጴዛው ሥር ወይም ከበሩ ጀርባ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ልጅቷን ሳይሆን ግድግዳውን ይምታ። ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግድግዳው ላይ ካለው ሩብ ያህል ይሁን። የኪራይ ቤት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይመልሰዋል፣ ጥላው ይጠፋል፤ ከአምፖሉ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከፍሬም ውጭ፣ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። አንድ ሻማ ብቻውን ለስልክ ካሜራ አይበቃም፤ ፍሬም ውስጥ አንዱ ይታይ፣ ከፍሬም ውጭ ሌሎች ሦስት ተጠጋግተው ይብሩ።

ካሜራውን በአውቶ አትተዉት። ብላክማጂክ ካሜራ ወይም ኦፕን ካሜራ የሚባሉት አፖች በነፃ ስለሚገኙ አንዱን ጫኑና ፍሬም ሬቱን (በሰኮንድ የሚቀረጸውን የምስል ብዛት) 25፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰኮንድ አድርጉ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሲቀረጽ ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል ምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር ሰንበር ያመጣል። ጀነሬተር ደግሞ 50 ላይ ረግቶ ስለማይቆም መብራት ከጠፋ በባትሪ መብራት ቀጥሉ እንጂ በጀነሬተር አትቅረጹ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) ከ800 አይለፍ፣ ዋይት ባላንስ (የብርሃኑ ቀለም ማስተካከያ) 3200 ኬልቪን ላይ ይቆለፍ፣ ፎከሱም እንዲሁ። አውቶ የሆነ ካሜራ ልጅቷ ወደ ጨለማው ስትሄድ በራሱ ያበራዋል፣ ምስሉ በነጠብጣብ ይፈላል፣ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሌንሱን በየሾቱ ጥረጉት፤ የጣት ቅባት የሻማውን ብርሃን ወደ ጅራት ይቀይረዋል። 1080 ይበቃችኋል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

ፍሬሙን ስታስቀምጡ ልጅቷን ወደ አንድ ጠርዝ አድርጓት፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ባዶ ይሁን፣ በውስጡ በሩ ወይም የአልጋው ጠርዝ ይኑር። ተመልካች ባዶ ቦታ ሲያይ አንድ ነገር እስኪመጣበት ይጠብቃል። አታምጡበት። በሁለተኛው ጊዜም አታምጡበት። በሦስተኛው በሩ ከቀድሞው አራት ጣት ያህል ሰፍቶ ይታይ፤ ማንም ሲከፍተው ሳይታይ። ካሜራውም አይንቀሳቀስ። የሚንቀጠቀጥ ካሜራ አስፈሪ የሚመስለው ለቀራጩ ነው፤ ለተመልካቹ የሰው እጅ እዚያ እንዳለ ይነግረዋል።

የሲኒውና የበሩ ለውጥ እንዲሠራ ሌላው ሁሉ ባለበት መቆየት አለበት። የሻማው ቁመት ከሾት ሾት በስሕተት ከተለያየ፣ የነጠላዋ አጣጣል ከተቀየረ፣ ተመልካቹ ለውጥን ሁሉ እንደ ግድየለሽነት መቁጠር ይጀምራል፤ ሦስተኛው ሲኒም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይሥራ። ከእያንዳንዱ ሾት በፊትና በኋላ ክፍሉን ፎቶ ያንሳ፣ የሲኒዎቹን ቦታ በጠመኔ ያመልክት፣ ሻማውን በማስመሪያ ይለካ። በተማሪ ቡድን ውስጥ ይህን ሥራ ማንም አይፈልገውም፤ ለእኔ ግን ከካሜራማኑ እኩል ነው።

አሁን ወደ ድምፅ። ግማሹ ፊልም እዚህ ነው፤ ብዙ የተማሪ ፊልምም የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰው መጥፎ ምስል ይታገሣል፣ መጥፎ ድምፅ ግን ከታሪኩ ያስወጣዋል። የስልኩን የራሱን ማይክ ተዉት። በሌላ ስልክ ላይ የደረት ማይክ ሰክታችሁ ለብቻ ቅዱ፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል፣ ከፍተኛው ድምፅ −12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲመታ። በየሾቱ መጀመሪያ አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ላይ ምስሉንና ድምፁን የምታገናኙት በዚያ ነው። የብሎኬት ክፍል ስለሚያስተጋባ ከፍሬም ውጭ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ጭቃ ቤት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ንግግር ያለበት ትዕይንት አትያዙ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም አይሰማም።

ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የባዶውን ክፍል ድምፅ 60 ሰኮንድ ቅዱ። ከዚያ ለብቻ የሌሊቱን ድምፅ ከግቢ ውስጥ ቅዱ፤ ረዘም ያለ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ። የጎንደር ሌሊት ባዶ አይደለም። ውሻው ይጮኻል፣ ከሩቅ ጅብ ይሰማል፣ አልፎ አልፎ የባጃጅ ድምፅ፣ ወደ ንጋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። ይህን ከፊልሙ የመጀመሪያ ሰኮንድ ጀምሮ ከሥር አንጥፉት። ተመልካቹ የለመደው ስለሆነ ወዲያው መስማቱን ይተዋል። ከዚያ ትንፋሹ ከመምጣቱ ስምንት ሰኮንድ በፊት ውሾቹን አጥፏቸው። በአንዴ ሳይሆን በአራት ሰኮንድ ውስጥ እየቀነሱ። ውሻ በሌሊት ድንገት ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያደገ ሰው አይነገረውም። የክፍሉን ድምፅ ግን ተዉት፤ ፍጹም ዝምታ ከሆነ ተመልካቹ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ያስባል።

ትንፋሹን ሌላ ሴት ትቅዳው፣ ተዋናይቷ ራሷ አትሁን። ማይኩ ከአገጯ በታች 15 ሳንቲሜትር ይሁን፤ አፏ ፊት ከሆነ ንፋሱ ይመታዋል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ድምፁን ሁለት ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) ዝቅ አድርጉና ከ1000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ፤ ከግድግዳ ጀርባ የመጣ ይመስላል። መጀመሪያ ከተዋናይቷ ትንፋሽ ጋር እኩል ይሂድ፤ ተመልካቹ የእሷ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀጥላ እሷ ትንፋሿን ስትይዝ ያኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀጥል። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አስፈሪ ቅጽበት አያስፈልግም፤ ድንገተኛ የጩኸት ድምፅ የሚያመጣው ድንጋጤ በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ወደ ሳቅ ይለወጣል።

ለሙዚቃ በገና አትንኩ፤ የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ለማስፈራሪያ ሲውል ተመልካቹ በትክክል ይከፋዋል። መሰንቆ ግን ይሆናል። አንድ ድምፅ ላይ ረግታችሁ ደጋኑን በጣም በቀስታ ሳቡት፣ ከዚያ የቀዳችሁትን ድምፅ ፍጥነት በግማሽ ቀንሱት፤ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ የፈረሱ ጭራ መፋተግም ለየብቻ ይሰማል። ወፍራም ድምፅ ስትጨምሩ ተጠንቀቁ፤ ስልክና ላፕቶፕ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጡም፣ ስለዚህ የምትተማመኑበት ድምፅ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ መካከልም ይኑረው።

ተዋናይቷን «ፍሪ» አትበሏት፤ ሥራ ስጧት። ሲኒ ቁጠሪ፣ የጻፍሽውን መስመር ድጋሚ አንብቢ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ዓይንሽን ከዚያ ፕላስተር ላይ አታንሺ። ፍርሃቱን ተመልካቹ ራሱ ይጨምርበታል። በእውነት ለማስደንገጥ ብላችሁ ሳትነግሯት ነገር አትሥሩ፤ ከአንድ ቴክ በኋላ እምነቷን ታጣላችሁ። ጩኸት ካለ ለአከራይዋና ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው፣ መምጣቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን ጩኸቱን ባታስገቡት እመርጣለሁ፤ ዱካክ የያዘው ሰው አይጮኽም።

ለኤዲት ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ይበቃል፤ ላፕቶፑ ከከበደው ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የምስሉ ቅጂ) ሥሩለት። እያንዳንዱን ሾት «አሁን ይበቃል» ካላችሁበት ሁለት ሰኮንድ አስረዝሙት። ፋይሉን በቀረጻችሁበት ቀን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ቀለሙን ሌሊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አትጨርሱ፤ ለእናንተ የሚታየው ጥላ መጋረጃው በቅጡ በማይዘጋ የመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር ላይ ጥቁር ብቻ ይሆናል። የፊቷ ብሩህ ክፍል በፕሮግራሙ የብርሃን መለኪያ ላይ ቢያንስ 30 በመቶ ይድረስ።

የመጨረሻው ትዕይንት አዲስ ነገር ይስጥ፣ ግን ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን አይጣለው። ጠዋት ጓደኛዋ ሻንጣዋን ይዛ ትገባለች፣ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ትራሱን ታያለች፣ «ማን ተኝቶበት ነው?» ትላለች። በግራው ዓምድ ልጅቷ ራሷ በድካም ተኝታበት ነበር። በቀኙ ያው የምታውቁት ነው። ከዚህ በኋላ አንድም ቃል አትጨምሩ።

ከመምህራኑ በፊት ስክሪፕቱን ላላነበቡ አምስት ሰዎች አሳዩትና ምን እንደሆነ ለየብቻ ጠይቋቸው። አምስቱም አንድ መልስ ከሰጡ አንዱ ዓምድ አሸንፏል፤ ድጋሚ መቅረጽ ሳያስፈልግ በድምፅ ይስተካከላል። ሁሉም «መንፈስ ነው» ካሉ የጎረቤቱን ሳል ከግድግዳው ጀርባ አንድ ቦታ ጨምሩ። ሁሉም «ደክሟት ነው» ካሉ የጎረቤት ሳል ካለ አውጡና ትንፋሹን ሁለት ዴሲቤል ከፍ አድርጉት። ለማሳያ በ1080፣ በኤም ፒ ፎር፣ በሰኮንድ በ15 ሜጋቢት አውጡት፤ ስድስት ደቂቃው ከ700 ሜጋባይት አያልፍም፣ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽም ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ይህ መጠን አያስቸግርም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡና ድምፁን በንግግሩ ሳይሆን በትንፋሹ ለኩ፦ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በሩ ተዘግቶ በጭንቅ ከሰማው ልክ ነው።